ከጀርባ ሥር የሚገባው ብርድ

ጥቁር ክር በጥቁር ናይለን ላይ መለየት ሲያቅተኝ የስፌት መኪናዬን ለሌላ ሰው የምለቅበት ጊዜ እንደደረሰ ገባኝ። የዓይን ሐኪሟ መነጽር ቀየረችልኝ፤ ለጥቂት ወራት ሠራሁበት። ከዚያ አንድ ቀን የጀልባ መሸፈኛ ልብስ ጠርዝ ስቀመቅም መርፌው ከመስመሩ ወጥቶ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ያየሁት። በዚያው ዕለት ለቦሳችን ለሮን ነገርኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። ኬክ ተቆረጠ፣ የጡረታው ወረቀት ተሞላ፣ ሥራ አለቀ።

ልጄ ሴና እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው። በኦሮምኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እኔ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆናለች፤ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ማወቅ ትፈልጋለች። «ስፌት ነዋ» ብዬ እተወው ነበር። ሳስበው የሚነገር ነገር አለ፤ በተለይ ስለ አንድ ብርድ ልብስና ስለ ጋሽ ወልዱ። በአማርኛ የምጽፈውም ከጋሽ ወልዱ ጋር የተግባባነውም የተከራከርነውም በአማርኛ ስለነበር ነው። እሳቸው አፍ የፈቱት በትግርኛ ነው፣ እኔ በኦሮምኛ፤ አማርኛውን ሁለታችንም ከትምህርት ቤት ነው ያገኘነው።

ስፌት የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አቃቂ በኩል በነበረ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሰላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አክስቴ ዘንድ መጥቼ ነበር። ፋብሪካው ሸሚዝ ይሰፋል፤ የእኔ ድርሻ የቀኝ እጅጌ ነው። አንገትጌው የሌላ ሰው ነው፣ ቁልፉም የሌላ ሰው ነው። እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ሰፍቼ አላውቅም። ተቆጣጣሪያችን እትዬ በላይነሽ ቁጣ የሚቀናቸው ሴት ነበሩ፤ ግን አንድ ነገር አስተምረውኛል። «ዓይንሽን ከመርፌው ላይ አንሺ፤ ጨርቁ የሚሄድበትን እዪ» ይሉኝ ነበር። ቀጥ ያለ ስፌት የሚወጣው እንደዚያ ነው።

ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ሚኒያፖሊስ ስንመጣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ገባን። መጀመሪያ ዳውንታውን በሚሉት መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሠራሁ። ሥራው አንሶላ ከማድረቂያ እያወጡ ማጠፍ ነው። የሺፍት ማናጀሩ «ስንት ቀረሽ?» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አናግሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ያገኘኋት ጎረቤቴ፣ አጠገባችን ባለችው ከተማ በሴንት ፖል ድንኳንና የጀልባ ልብስ የሚሰፋ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። በነጋታው በአውቶቡስ ሄድኩ።

ቤቱ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ከሚባለው መንገድ አጠገብ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነበር። ሐይቅ በበዛበት አገር ጀልባ ይበዛል፤ ጀልባ በበዛበት ደግሞ የጀልባ ልብስ ይቀደዳል። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣና ሁሉም ለነገ ይላል። ሮን ቤቱን ከአባቱ ነው የወረሰው። ረጅም፣ ቆብ ከራሱ የማይለይ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሲፈትነኝ የተቀደደ ድንኳን አቀበለኝና ዞር አለ። መስፋት ስጀምር አንድ ሽበታም ሰውዬ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ከወዴት ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። ቅላጼያቸው የትግርኛ ነው።

«ከአሰላ።»

«እንግዲያው ያንን መርፌ አውጪው። የሸራ መርፌ ነው፤ ይህን ስስ ጨርቅ ይበሳዋል እንጂ አይሰፋውም።»

ቀጭን መርፌ ቀየርኩ። ሥራውን አገኘሁ።

ሰውዬው ጋሽ ወልዱ ነበሩ፤ አስመራ ሱፍና ካፖርት ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። የሮን ቤት ቆራጭም ዋና ሰፊም እሳቸው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚሠሩት። ወንበር አላቸው፤ ኮታቸውን ይሰቅሉበታል። ስስ ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ስፒል አፋቸው ውስጥ አያደርጉም፤ ሌላ ሰው ሲያደርግ ካዩ ደግሞ መጥተው ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ሰውየውም ስፒሉን ያስረክባል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ ጥቂት ይሰፉና በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይጎትቱታል። መጀመሪያ ሳይ ሳቄ መጥቶ ነበር። ኋላ እኔም ማዳመጥ ለመድኩ። ክሩ የጠበቀ ስፌት ሲጎተት ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ደህናው ድምፅ የለውም።

የተበላሸ ሥራ መቅደድ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። «ይፈታል እንጂ አይቀደድም» ይላሉ። «ስትፈቺው የት ላይ እንደሳትሽ ራሱ ያሳይሻል።» ሌላው ልማዳቸው፣ ሰው የሚገባበትን ነገር ራሳቸው ሳይገቡበት አለማስረከብ ነው። የጠገንነውን ድንኳን መጋዘኑ መሀል ተክለው ይገባሉ፣ ዚፑን ከውስጥ ይዘጋሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይወጣሉ። ሮን ጊዜ ማባከን ነው ይል ነበር፤ ግን ከልክሏቸው አያውቅም።

ጁዲ የመጣችው ባቡሩ በሴዳር ሪቨርሳይድ ማለፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ሰመር የሚሉት የዚህ አገር በጋ ሊያልቅ ሲል ነው። ስድሳን የተሻገረች፣ የትምህርት ቤት ባስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ለታንኳዋ ልብስ ሰፍተንላት ስለነበር ሮን ያውቃታል። ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ሃሞክ ነው» አለች። «ሁለት ዛፍ መሀል ወጥሬ እተኛበታለሁ። ጀርባዬን ኦፕሬሽን ከሆንኩ ወዲህ መሬት ላይ መተኛት አልችልም፤ በዚህ ላይ ግን ደህና ነኝ። ችግሩ ብርዱ ነው። ከላይ የፈለግሁትን ብደርብ ከሥር ይገባል።»

«ስሊፒንግ ባግ የለሽም?» አላት ሮን፤ እንደ ከረጢት የሚገቡበትን የመኝታ ልብስ ማለቱ ነው።

«አለኝ። ከጀርባዬ ሥር ያለው ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ ነገር አያሞቅም።»

ከዚያ ከኮምፒውተር ያተመቻቸውን ወረቀቶች አሳየችን። ሃሞክ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ለዚህ ችግር አንደርኩዊልት የሚሉትን ነገር ሠርተዋል። የሥር ብርድ ልብስ ነው። ከሃሞኩ ውጪ፣ ከታች በኩል በላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። ሰውየው ስለማይተኛበት አይጨፈለቅም። በዚያን ጊዜ ተሠርቶ የሚሸጥ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው ራሱ ነው የሚሰፋው። «እኔ ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም» አለች ጁዲ።

ጋሽ ወልዱን ዞር ብዬ በአማርኛ፣ «ቤት የላትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አላት።»

«ታዲያ ጫካ ምን ያሳድራታል?»

«እኔንጃ፣ ጓለይ።» ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። «እኔ ስሰደድ ከከረን እስከ ሱዳን ከሰላ ድረስ ሜዳ ላይ እየተኛሁ ነው የሄድኩት። ቢከፍሉኝም አልመለስበትም። እሷ ግን ትወደዋለች። ለሰው የሚወደውን መስፋት ነው እንጂ ለምን ወደድክ አይባልም።»

የመጀመሪያውን እንደ ማንኛውም ብርድ ልብስ ሰፋነው። ጨርቁ ሪፕስቶፕ የሚባለው ናይለን ነው፤ ቀዳዳ ቢያገኘው እንዳይተረተር ወፈር ያለ ክር በካሬ በካሬ የተሸመነበት፣ ሲነኩት የሌለ የሚመስል ስስ ነገር። ሁለት እኩል ቁራጭ ቆረጥን። በመሀሉ እንደ ባዘቶ የተነፋ ሰው ሠራሽ ሙሌት አነጠፍን። ሙሌቱ እንዳይንሸራተት ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር በመስመር ሰፋንበት። በራስጌና በግርጌ እንደ ቁምጣ ወገብ ያለ የላስቲክ ማስገቢያ አበጀን። የሥራ ቤቱ መኪናዎች ለሸራ የተሠሩ ስለሆኑ ይህን ጨርቅ እየጎረሱ አስቸገሩን። የቤቴን ትንሿን መኪና በገበያ ጋሪ ጭኜ በአውቶቡስ አመጣሁ። ናይለኑ እርስ በርሱ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከታች ያለው ይቀራል። በስፒል ሳይሆን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ በሁለት እጄ ከፊትም ከኋላም ወጠር አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ነው የሰፋሁት።

ሲያልቅ ለሙከራ የገዛነውን ሃሞክ በመጋዘኑ ሁለት ምሰሶዎች መሀል ወጥረን ከሥሩ አሰርነው። ጋሽ ወልዱ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ገቡበት። ትንሽ ተወዛወዙና «ደህና ነው» አሉ። ጁዲም ገብታ ሳቀች። ኦክቶበር ላይ ከእህቷ ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቆቹ እንደምትሄድ ነግራን ወሰደችው። እኔም ደስ አለኝ። ከራስጌ እስከ ግርጌ የሰፋሁት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ኖቬምበር ላይ ስትመለስ በክራንች ነው። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ሮን።

«በረደኝ» አለች። «መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ከዚያ ሁሉንም። ነፋስ ተነሣ። መንቀጥቀጥ ስጀምር እህቴ ድንኳኗ ውስጥ አስገባችኝ። መሬት ላይ መተኛት ነበረብኝ። ሲነጋ መነሣት አቃተኝ። ሌላ ካምፕ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው ታንኳ ላይ ጭነው ያወጡኝ።»

ሮን ወንበር አቀረበላት።

«እናንተን ለመውቀስ አይደለም የመጣሁት» አለች። «ሐኪሙ በቃሽ ብሎኛል። እህቴም በቃሽ ብላለች። ታንኳዬን ልሸጥ ስለሆነ፣ ልብሱን የሰፋችሁት እናንተ ናችሁና የሚገዛ ሰው ካያችሁ ንገሩልኝ።»

ሮን ሒሳቧን መለሰላት፤ እስከ መኪናዋ ድረስም ሸኛት። ተመልሶ ሲገባ ብርድ ልብሱን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«እኛ የጀልባ ልብስ ነው የምንሰፋው» አለ። «ጀልባ አይበርደውም።»

እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ፋብሪካ ሳለሁ የሰፋሁት እጅጌ ቢጣመም ሰው ይስቅበታል፣ ከዚያ አያልፍም። እዚህ ግን የእጄን ሥራ ያመነች ሴት በብርድ ተንቀጥቅጣ፣ በሰው ሸክም ወጥታ፣ የምትወደውን ነገር ልትተው ነው። ወደ ሆቴሉ ላውንደሪ መመለስ ይሻለኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ። አንሶላ ማንንም አይጎዳም።

ጋሽ ወልዱ እስከ ከሰዓት ድረስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አልራቁም። አንድ ትልቅ የጀልባ ልብስ ቆርጠው ጨረሱና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ የጁዲን ብርድ ልብስ አንሥተው ምሰሶዎቹ መሀል፣ ከእኛው የሙከራ ሃሞክ ሥር አሰሩት።

«ግቢበት» አሉኝ።

«ምን ያደርጋል ጋሼ?»

«እኔ ገብቼ ምንም አላየሁም። የሚታየው ከታች ነው።»

ገባሁ። እሳቸው ሥሬ ተንበርክከው ቀጭን የሹራብ መርፌ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ያስገባሉ፣ በአውራ ጣታቸው ይለካሉ፣ ያወጣሉ። ከጎኔ ጀመሩ። «እዚህ ሁለት ጣት ያህል ነው» አሉ። ወደ መሀል ሲመጡ መርፌው ገና ከመግባቱ ጀርባዬን ወጋኝ።

«ወጋኝ!»

«ይወጋሻል። እዚህ ምንም የለሽም፤ ሁለት ወረቀት ላይ ነው የተኛሽው።»

ብርድ ልብሱን አውርደን ፈታነው። ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ እየበጠስን ሙሌቱን ስናወጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በመስመር በመስመር በሰፋንበት ቦታ ሁሉ ሙሌቱ ተጣብቆ እንደ ክር ቀጥኗል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ የነፋስ በር ነው። ትልቁ ስሕተት ግን ቅዱ ነበር። ሃሞክ ሰው ሲተኛበት ወደ ታች ይጎብጣል። የውስጡና የውጪው ጨርቅ እኩል ስለሆኑ፣ ሲጎብጥ የውጪው ይወጠርና ሙሌቱን ወደ ጀርባ ይጨፈልቀዋል። ላስቲኩንም በጣም አጥብቀነው ነበር። ሙቅ መጋዘን ውስጥ በጃኬት ስንተኛበት ይህን የሚነግረን ነገር አልነበረም።

ጋሽ ወልዱ ሁለቱን ጨርቆች አንዱን ባንዱ ላይ አድርገው ብዙ አዩዋቸው። «የካፖርት ገበር ቢሆን ውስጡን ነው ሰፋ አድርጌ የምቆርጠው» አሉ። «ይህ ግን ተገላቢጦሽ ነው።»

ያኔ ሴናን ሳረግዝ የባለቤቴ እህት የሰፋችልኝ ቀሚስ ትዝ አለኝ። ጎኑና ጀርባው እንደ ማንኛውም ቀሚስ ነው፤ ፊቱ ላይ ብቻ ጨርቅ ጨምራ ከላይ ሸብሽባዋለች። ሆዴ ሲገፋ ቀሚሱ አይወጠርም።

«የእርጉዝ ቀሚስ እናድርገው» አልኩ።

«እንዴት?»

«የውጪውን ከውስጡ ሰፋ አድርገን እንቁረጥ። ራስጌና ግርጌ ላይ ትርፉን በትንንሽ እጥፋት እንሰብስበው። ሲጎብጥ ሆድ ያወጣል እንጂ አይወጠርም።»

ጋሽ ወልዱ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። «ወልደሽ ነው የተማርሽው» አሉና ሳቁ። ጁዲ በክራንች ከመጣች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ለሮን ሳይነግሩት መሥራት አልፈለጉም። ቢሮው ድረስ ሄደው፣ «ይህን በምሳ ሰዓታችን እንሠራለን። ካልሆነልን ሁለተኛ አናነሣውም» አሉት። ሮን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «በምሳ ሰዓታችሁ የምታደርጉት የኔ ጉዳይ አይደለም» አለ። በማግስቱ ጠረጴዛችን ላይ አዲስ ጥቅል ሙሌት ተቀምጦ አገኘን። ማን አስቀመጠው ብለን አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ረጅም ጊዜ ወሰደ። አዲሱን ሙሌት ዙሪያውን ጠርዙ ላይ ብቻ ያዝነው፤ መሀሉ ላይ እዚህም እዚያም ላላ ባለ የሹራብ ክር ቋጠር አደረግነው፣ ክሩም ውጪኛውን ጨርቅ አይነካም። እጥፋቶቹ እኩል ካልሆኑ ሆዱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ሁለት ጊዜ ተጣመመብኝ፤ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። በራስጌና በግርጌ ነፋስ የሚገባበትን ክፍተት የሚዘጋ መሰብሰቢያ ገመድ ጨመርን። ላስቲኩን ቀጭንና ረጅም አደረግነው። «መንካት አለበት፣ መጫን የለበትም» ይሉ ነበር ጋሽ ወልዱ፤ መዳፋቸውን በሃሞኩና በብርድ ልብሱ መሀል እያሳለፉ ነበር የሚለኩት። የሹራብ መርፌው በዚህ ጊዜ ከጎንም ከመሀልም እኩል ገባ።

ያለቀው ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። የሚኒሶታን ጃንዋሪ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ የአፍንጫ ውስጥ ጸጉር የሚደርቅበት ብርድ ነው። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ በአጥሩ ብረትና በአንድ የቆመ ትሬለር መሀል ሃሞኩን ወጠርን። እኔ ልገባ ስል ጋሽ ወልዱ ያዙኝ።

«ተራው የኔ ነው።»

«ጋሼ፣ በዚህ ብርድ? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እኔ ልሞክረው።»

«ባለፈው ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጃኬታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ በሹራብ ብቻ ገቡ። ከላይ ስሊፒንግ ባግ አለበስኳቸው። እኔ በደረቅ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ «ጀርባዎትስ?» እላለሁ። «ደህና» ይላሉ። «እግርዎትስ?» «ደህና።» እጄን ከሥር ሰድጄ ብርድ ልብሱን ነካሁት፤ ተነፍቷል፣ የትም አልተወጠረም። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅኩ። መልስ የለም።

«ጋሼ?»

ጎንበስ ብዬ አየኋቸው።

«ጋሽ ወልዱ!»

ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ብርድ የሚገድለው እንቅልፍ እያስያዘ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሮን፣ ሮን እያልኩ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ሮን ቆብ ሳያደርግ ወጣ፤ በረዶው ላይ አዳለጠው፣ ተነሣ፣ ደረሰ። ጣቱን በጋሽ ወልዱ አንገት ሥር አስገባ። ሮን ጣቱን እዚያው አቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሞቃል» አለ። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «እያንኮራፋ ነው።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሻለሁ፤ እንባዬም ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ። ልቀሰቅሳቸው እጄን ስዘረጋ ሮን ያዘኝ።

«ተዪው ይተኛ። እኔ ጋ ሲሠራ በኖረበት ዘመን ይህ ሰው አረፍ ሲል አይቼው አላውቅም።»

ወዲያው ሸራ የጫነ መኪና ወደ ግቢው ዞረ። ሮን በሁለት እጁ እያስቆመ ሄደና ሾፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ ነገረው። ሾፌሩ ወርዶ አየ። በዚያ በረዶ መሀል፣ አንድ ሽማግሌ በአየር ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ። ሸራውን ሦስታችን በእጃችን ተሸክመን አስገባን።

ጋሽ ወልዱ የነቁት የምሳ ሰዓት ካለፈ ከብዙ በኋላ ነው። ዓይናቸውን ገልጠው ሰማዩን ያዩ ጀመር።

«ተኝቼ ነበር?»

«ተኝተው ነበር።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?» ነገርኳቸው። ደነገጡ፤ ግን ለመውረድ አልቸኮሉም። «እኔኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያን ጊዜ ሜዳ ላይ ስንተኛ አንድ ዓይኔን ገልጬ ነበር የማድረው። ደጅ ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።» ከዚያ እግራቸውን አውርደው ጃኬታቸውን ጠየቁኝ። «ለሴትዮዋ ደውዪላት።»

ደወልኩላት። ጁዲ መጀመሪያ አልፈለገችም። «እናንተ ደግ ሰዎች ናችሁ፤ ግን ተዉት» አለችኝ። ታንኳዋን ሸጣ እንደሆነ ጠየቅኳት። «በዚህ ብርድ ታንኳ የሚገዛ ማን አለ?» አለች። እንግዲያው መጥተሽ እዪው ብቻ አልኳት። መጣች፤ ግቢው ውስጥ ተኛችበት። ጋሽ ወልዱ ጎንበስ ብለው ገመዱን እንዴት እንደምታላላና እንደምትሰበስብ በሰባራ እንግሊዝኛቸው አስረዷት፣ ራሷ እንድታስረውና እንድትፈታውም አደረጓት። ከታች እጄን አስገብቼ «የት ጋ ይበርድሻል?» አልኳት። ግራና ቀኝ ተገላብጣ «የትም» አለች። ወስዳው ሄደች፤ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችንም።

ሜይ ላይ፣ የሐይቁ በረዶ ቀልጦ ባለቀ ሰሞን፣ እህቷ ደውላ ሁለቱም ወደ ሰሜን ሊሄዱ መሆኑን ለሮን ነገረችው። ሥራ የበዛበት ወቅት ነው፤ የጀልባ ልብስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እኔ ግን ማታ ማታ በቴሌቪዥን የማየው የሰሜኑን አየር ነበር። አንድ ማታ በረዶ ሊጥል ይችላል አሉ። በማግስቱ ጋሽ ወልዱ ጨርቅ ሲቆርጡ መቀሳቸው ሁለት ጊዜ ቆመ። «ሰምተሻል?» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት የጓሮው በር ተከፈተ። ጁዲ ናት። ክራንች የለም። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፤ በሁለት እጇ የበረዶ ሳጥን አቅፋለች።

«ፀሐይ ፊቴን እስክትመታኝ ተኛሁ» አለች፤ ሰላምታም አላስቀደመችም። «በረዶ ጥሎ አድሮ ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። እህቴ ናት የነገረችኝ።»

ሳጥኑ ውስጥ ዓሣ ነበር፤ ዎልአይ የሚሉት፣ የዚህ አገር ሰው የሚሳሳለት። ራሷ ያጠመደችው ነው። በጓሮው በር አጠገብ ባለችው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መጥበሻ ጣደችና በቅቤ ጠበሰችው። ሮን ከቢሮው ዳቦ ይዞ መጣ። ጁዲ አንድ ትልቅ ሳህን ሞልታ በእኔና በጋሽ ወልዱ መሀል አስቀመጠች። የራሳችን ሳህን እስኪሰጠን ጠበቅን። ሌላ ሳህን አልነበረም።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጋሽ ወልዱ ኦርቶዶክስ ናቸው። የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፣ እሳቸውም የእስላም ሥጋ አይበሉም። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ምሳ ሲደርስ እኔ በዚህ ጥግ እሳቸው በዚያ ጥግ ነበርን። የተቀያየምንበት ነገር የለም፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። ሳህኑን አየሁ። እሳቸውም አዩት።

«ዓሣ የክርስቲያን የእስላም አለው እንዴ?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እኔም ጾም የለብኝም፤ በዓለ ሃምሳ ነው።»

ወንበራቸው ላይ የነበረውን ኮት አንሥተው ሌላ ቦታ ሰቀሉና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ እሳቸው አማተቡ፣ እጃችንን ሰደድን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሥር ብርድ ልብስ ሰፋን፤ ጁዲ ለጓደኞቿ ነግራ፣ እነሱም ለሌላ እየነገሩ። ጋሽ ወልዱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ አንዳችን ዓሣ ይዘን እንመጣ ነበር። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው፤ እሾሁን የሚለቅሙልኝ እሳቸው ነበሩ።